ልጆችና ባለአራት ጎማ ሞተር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ እንድናገር ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ከድልድይም ከግድብም እጅግ ያነሰ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥ፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ሦስት መቶ ኪሎ አይሞላ። ይኸውም በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኤቲቪ የሚባለው፣ መንገድ በሌለበት መሬት ላይ የሚሄደው ባለአራት ጎማ ሞተር ነው። ጥያቄውም አንድ ብቻ ነው፤ ልጆች እንዲነዱት ሊፈቀድላቸው ይገባልን?

ብዙዎቻችን በአሜሪካን አገር ወንድም፣ እኅት ወይም የቅርብ ዘመድ አለን። የእኔም የአክስቴ ልጅ በሚኔሶታ ከከተማ ወጣ ብሎ ይኖራል፤ ከጥቂት ወራት በፊት ደወለልኝ። የጎረቤቶቹ ልጆች በየቅዳሜው በየጫካው ዳር በዚህ ሞተር ሲጋልቡ፣ አሥር ዓመት የሞላው ልጁ ደግሞ በመስኮት እየተመለከተ «የእኔስ መቼ ነው?» ማለቱን አላቆም ብሎታል። «አንተ መሐንዲስ ነህና ቁርጡን ንገረኝ፤ ልግዛለት ወይስ አልግዛለት?» አለኝ። መልሱን ለመስጠት ሦስት ቀን እንዲታገሠኝ ለመንሁት። ሦስት ቀን ያስፈለገኝ ጉዳዩን ስለማላውቀው አልነበረም፤ ከዚያ ቀደም አንድ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቄ ፈጥኜ በመመለሴ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ለሁለተኛ ዲግሪ በምማርበት ጊዜ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአዮዋ ግዛት የሚኖር አንድ የገበሬ ቤተሰብ በየበዓሉ እየጠራ ያስተናግደኝ ነበር። በቆሎና አኩሪ አተር ያመርታሉ፤ ጥቂት ከብትም አላቸው። የበኩር ልጃቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። በግቢያቸው ባለ 400 ሲሲ ሞተር ነበር፤ አባትየው አጥር ሊጠግንና ከብቶቹን ሊያይ ይሄድበታል፣ ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይወጣበታል። እኔ በዚያን ጊዜ በቤተ ሙከራ የተመደብሁበት ሥራ ተሽከርካሪን በሚያጋድል ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ፣ ሰሌዳውን በአንድ ወገን ቀስ በቀስ በማንሣት፣ የላይኛው ጎማ ከሰሌዳው የሚለቅበትን ማእዘን መለካት ነበር። አባትየው ይህን በሰማ ጊዜ «ታዲያ የእኛስ ይገለበጥ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የተማርሁትን ለማሳየት የቸኮልሁ ወጣት ስለነበርሁ «ከሠላሳ ዲግሪ በላይ እስካልተጋደለ ድረስ አይገለበጥም፤ የእናንተ መሬት ደግሞ ሜዳ ነው» ብዬ መለስሁለት። ሰውዬው ደስ አለው፤ ልጁማ ከእርሱ ይበልጥ ደስ አለው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ልጁ በማሳው ጫፍ ሲዞር የኋላው ግራ ጎማ ከውሃ መውረጃው ቦይ አፋፍ ላይ ወረደ። ሞተሩም ከነልጁ ወደ ቦዩ ተገለበጠ። እኔና አባቱ ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆነን አየነው። ሮጠን በደረስን ጊዜ ሞተሩ በልጁ ደረት ላይ ተጋድሞ፣ ልጁ መጮህ አልቻለም ነበር፤ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ ግን የለም። ሁለት ሙሉ ሰዎች ሆነን ያነሣነው በሦስተኛው ሙከራ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት በዝናብ የራሰ ጭቃ ስለነበረ ልጁ ወደ ጭቃው ሰመጠ እንጂ አልተጨፈለቀም። የትከሻው አጥንትና ሦስት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ዳነ። አባትየው ከዚያም ወዲህ አንዲት የወቀሳ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን መኪናው ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልግለጽ።

ሆንዳ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1970 ኦሳሙ ታኬውቺ የተባለው መሐንዲሱ የነደፈውን ባለሦስት ጎማ ሞተር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። የፈጠራው ምክንያት የንግድ ነበር፤ በክረምት በረዶ ሲወርድ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ስለሌለ፣ ነጋዴዎቹ በዚያ ወራት የሚሸጡት ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። ታኬውቺ ችግሩን የፈታው ፊኛ በመሰሉ፣ በትንሽ ንፋስ በሚሠሩ ሰፋፊ ጎማዎች ነው፤ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፉት መኪናው በበረዶም፣ በአሸዋም፣ በረግረግም ላይ ሳይሰምጥ ይሄዳል። እንደ ሥራ ከተመለከትነው ውብ ሥራ ነው። መዝናኛ ሆኖ የተወለደው መኪና ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የገበሬና የአዳኝ መሣሪያ ሆነ። በ1982 ደግሞ ሱዙኪ አራተኛውን ጎማ ጨመረበት።

የአራተኛው ጎማ ነገር ለእኛ ሙያ አስተማሪ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ባለሦስት ጎማው በመሬት ላይ የሚቆመው በሦስት ማእዘን ነው፤ አንዱ ጎማ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ነጂው እየዞረ ፍሬን በሚይዝበት ጊዜ ኃይሉ ክብደቱን ወደ ፊትና ወደ ውጭ፣ ማለት ጎማ ወደሌለበት ባዶ ጥግ ይገፋዋል። በቀጥታ መንገድ ላይ ደኅና የነበረው መኪና ነጂው በደነገጠና ፍሬን በያዘ ጊዜ፣ ማለትም ጥንቃቄ ባደረገበት ቅጽበት፣ ይገለብጠዋል ማለት ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እስኪወስደው ድረስ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በ1988 አምራቾቹና መንግሥት በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት አደረጉ፤ የአዲስ ባለሦስት ጎማ ሽያጭ ቆመ፣ ለገዢዎች ሥልጠና እንዲሰጥ ተደነገገ፣ ከ90 ሲሲ በላይ የሆነው ሞተርም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሸጥ ተወሰነ። ስምምነቱ የአሥር ዓመት ነበረና በ1998 ጊዜው አለቀ። አምራቾች በበጎ ፈቃዳቸው የያዙትን ደረጃ አስገዳጅ ያደረገው በ2008 የወጣው ሕግ ነው።

በአዲሱ ደረጃ የልጆች መኪና የሚለየው በሞተሩ መጠን ሳይሆን በፍጥነቱ ነው። ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅ የተሠራው በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር፣ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላው የተሠራው ከ48፣ አሥራ አራት ለሞላው የተሠራው ከ61 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ተደርጓል፤ ወላጅ ከዚህም ዝቅ አድርጎ የሚወስንበት መገደቢያ አለው። ከሲሲ ወደ ፍጥነት የተደረገውን ለውጥ በበኩሌ እደግፈዋለሁ። በ72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ አካል የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል በ24 ከሚሄደው ዘጠኝ እጥፍ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም። ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በዚህ ሁሉ አልረካም። በ2000 ባወጣው መግለጫ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዚህ መኪና ላይ እንዳይወጣ መክሯል፤ በ2022ም ይህንኑ አቋሙን አድሷል። ማሳቹሴትስ በ2010 ባወጣችው ሕግ ከ14 ዓመት በታች ያሉትን፣ ከጥቂት የተወሰነ ሁኔታ በቀር፣ ከልክላለች። ሌሎቹ ግዛቶች እንደየፍላጎታቸው ናቸው።

እንግዲህ አምራቹ «ለልጅ የሚሆን አለኝ» ይላል፤ ሐኪሙ «ለልጅ የሚሆን የለም» ይላል። መሐንዲሱ ምን ይላል? ለዚህ ወደ አዮዋው ቦይና ወደ እኔ ሠላሳ ዲግሪ መመለስ ግድ ነው።

የአዋቂ ሞተር 270 ኪሎ ይመዝናል እንበል። የጎማዎቹ ስፋት ከመሐል እስከ መሐል 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግማሹ 40 ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ሲቀመጥበት የጋራ የክብደት ማእከላቸው ከመሬት 65 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል ብንል፣ መኪናው ወደ ጎን የሚገለበጥበት ማእዘን 31.6 ዲግሪ ይሆናል። አሁን አዋቂውን አውርደን 38 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እናስቀምጥ። ልጁ ቀላልና አጭር ስለሆነ ማእከሉ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ማእዘኑም 33.7 ዲግሪ ይሆናል። እነሆ ሰሌዳው የሚመሰክረው ለልጁ ነው! እንደ ሰሌዳው ፍርድ ከሆነ ከአባቱ ይልቅ ልጁ በሰላም ይነዳል። እኔም በዚያ ቀን ለአባትየው ውሸት አልነገርሁትም፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር። ጥያቄውን ነው የሳትሁት።

ሰሌዳው የሚለካው የማይንቀሳቀስ ሰው የተቀመጠበትን የማይንቀሳቀስ መኪና ነው። ይህ መኪና ግን ከመኪና ይልቅ ለበቅሎ ይቀርባል፤ ነጂው በአካሉ ካልሠራ አይሄድም። በብዙዎቹ ላይ የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል የተያያዙ ናቸው፤ ዲፈረንሻል የላቸውም። በመታጠፊያ ላይ የውስጠኛው ጎማ አጭር፣ የውጭው ረጅም መንገድ መሄድ ሲገባቸው ሁለቱም እኩል ስለሚሽከረከሩ መኪናው አልታጠፍም ብሎ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ነጂው በውጭ በኩል ባለው የእግር መርገጫ ላይ ክብደቱን ጥሎ የውስጠኛውን ጎማ ማቅለል፣ በዚያው ቅጽበት ደረቱን ወደ ውስጥ ማዘንበል አለበት። ይህን ሲያደርግ አውራ ጣቱ ነዳጅ መስጫው ላይ ነው፤ ሲደነግጥ እጁን ጨምድዶ መሪውን የሚይዝ ሰው ሳያውቀው ነዳጅ ይጨምራል። በአስፋልት ላይ ደግሞ ጎማው ስለሚይዝና ስለማይንሸራተት ነገሩ ይብሳል፤ መኪናው ለአስፋልት አለመሠራቱ በአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፎ ሳለ ብዙ ሰው የሚሞተው በመንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ ጎማ ከአፋፍ በወረደ ጊዜ ነጂው ሊያድነው የሚችለው በምን ያህል ኃይል ነው? አዋቂው 80 ኪሎውን 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ያዛውራል፤ ብዜቱ 1,600 ይመጣል። የልጁ ክንድና እግር አጭር ስለሆነ 38 ኪሎውን ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ አያዛውርም፤ ብዜቱ 456 ነው። ከአዋቂው ሲሶ አይሞላም። የሚታገሉት መኪና ግን ያው 270 ኪሎ ነው። የጋራ ማእከሉንም አዋቂው በ4.6 ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል፤ ልጁ በአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ። ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። በጎኑ የወደቀን 270 ኪሎ በአንድ ወገን ለማንሣት ወደ 135 ኪሎ ይጠይቃል። ደረቱ የታፈነ ልጅ ሊያነሣው ቀርቶ ሊያስበው አይችልም። በዚህ መኪና የሚሞት ሰው ሁልጊዜ የሚሞተው በስብራት እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ደረቱን ተጭኖ ትንፋሽ በመከልከሉ እንደሆነ ስታውቁ፣ በዚያ ቦይ ውስጥ ያየሁት የተከፈተ አፍ ምን እንደነበረ ይገባችኋል።

ይህን ሒሳብ ያቀረብሁት በአዋቂ መኪና ላይ ለተቀመጠ ልጅ ነው። «ታዲያ በልኩ የተሠራው ትንሹስ?» የሚል ጥያቄ በአእምሮአችሁ እንደሚመላለስ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ትንሹ መኪና ክብደቱም ፍጥነቱም ያንሳል፣ እጀታውም ለልጅ እጅ ይደርሳል። ስለ ትንሹ መኪና የተደረገ አንድ ክርክር በአሜሪካ ስለተነሣ እርሱን ልንገራችሁ፤ በሙያችን ታሪክ ውስጥ ከማውቃቸው አስገራሚ ነገሮች አንዱ ነው።

የባለአራት ጎማውን ደረጃ አስገዳጅ ያደረገው የ2008ቱ ሕግ ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች በሚሠራ ዕቃ ሁሉ ውስጥ የሚገኘውን የእርሳስ መጠን በጥብቅ ወሰነ። ሕጉ የታሰበው በአሻንጉሊት ቀለም ላይ ነበር። ነገር ግን የልጆች ሞተርም «የልጆች ዕቃ» ነው። እናንተ እንደምታውቁት ናስም ሆነ አሉሚኒየም በቶርኖ ላይ በቀላሉ እንዲቆረጥ ጥቂት እርሳስ ይጨመርበታል፤ የጎማው የንፋስ ማስገቢያም፣ የባትሪው ጫፍም እርሳስ አለበት። ስለዚህም በየካቲት 2009 ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ነጋዴዎቹ ትንንሾቹን ሞተሮች ከመደብር አወጡ። የጎማን ንፋስ ማስገቢያ የሚልስ ልጅ አለ ብሎ የሚፈራ ሰው እንደሌለ ግልጽ ነው፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ያን ጊዜ የደኅንነት ኮሚሽኑ ራሱ ሌላ ስጋት አነሣ፤ ትንሹ ሞተር ከጠፋ ልጁ በአባቱ ላይ ይወጣል ብሎ ነው። በዚህም ምክንያት በግንቦት 2009 ሕጉን በእነዚህ ሞተሮች ላይ እንደማያስፈጽም አስታወቀ፤ በነሐሴ 2011 ደግሞ ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ ነፃ አደረጋቸው።

አምራቾች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ነገር እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል፤ «ትንሹን ብትከለክሉ ትልቁን ይነዳል» ይላሉ። እኔም ብዙ ጊዜ አሰብሁበት። በሚለውም እውነት አለ፤ ኮሚሽኑ የደረሰበት ውሳኔ በዚያ ጊዜ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ክርክሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው የሚናገረው ስለ ትንሹ ሞተር ሳይሆን ስለ ቁልፍ ነው። ልጁ ወደ ትልቁ የሚሸጋገረው የትልቁ ቁልፍ በግድግዳው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚያገኘው ነው። በአዮዋም ቁልፉ ከመኪናው ላይ ወርዶ አያውቅም ነበር። አባት ቁልፉን በኪሱ ቢይዝ ክርክሩ በሙሉ ይፈርሳል።

እኛ መሐንዲሶች አደጋን ስንከላከል የምንከተለው ቅደም ተከተል አለ። በመጀመሪያ አደጋውን ከነአካቴው ማስወገድ፤ ካልተቻለ በመከለያ መለየት፤ ይህም ካልተቻለ በመጨረሻ ማስጠንቀቅ። በዚህ መኪና ላይ ከ16 ዓመት በታች ያለ አይንዳው የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ይህ ሦስተኛውና ደካማው ደረጃ ነው። እንዲያውም መኪናው ራሱ ወረቀቱን ይቃወመዋል። ነጂው ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተንቀሳቀሰ ክብደቱን እንዲያዛውር ታስቦ ወንበሩ ረጅም ሆኖ ተሠርቷል፤ ወንበሩን ያየ ሰው ሁሉ ግን የሁለት ሰው ወንበር ነው ብሎ ታናሽ እኅቱን ከኋላው ያስቀምጣል። ወረቀቱ «ሰው አትጫን» ይላል፣ ወንበሩ «ና ተቀመጥ» ይላል። ወንበርና ወረቀት ሲከራከሩ ወንበር ይረታል።

መከለያ ማድረግ አይቻልም እንዳይባል ደግሞ ትራክተር አለ። ስዊድን በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ሲገለበጥ ነጂውን የሚያድን ጠንካራ ክፈፍ እንዲኖረው ደነገገች፤ በመገልበጥ የሚሞተው ገበሬ ቁጥር ከዚያ በኋላ እየቀነሰ መጣ፣ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ለባለአራት ጎማ ሞተር ተመሳሳይ ነገር የደነገገችው አውስትራልያ ናት፤ በ2019 ባወጣችው ደረጃ መሠረት ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ለሥራ የሚሸጥ አዲስ ሞተር ሁሉ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚከላከል ክፈፍ ሊኖረውና በጎን ከ28.81 ዲግሪ በታች ጎማው የማይለቅ ሊሆን ይገባል። ከታወቁት አምራቾች አንዳንዶቹ ከዚህስ በአውስትራልያ ባንሸጥ ይሻለናል ብለው ገበያውን ለቀቁ። ክርክራቸው ነጂው በነፃ መንቀሳቀስና ሲገለበጥም ከመኪናው መራቅ አለበት፣ ክፈፉ ራሱ ሊመታው ይችላል የሚል ነው። ክርክሩ ከሙያ አንጻር ባዶ አይደለም። የአዮዋው ልጅ ግን ከመኪናው አልራቀም። ልብ በሉ፤ ይህም የክፈፍ ግዴታ ለሥራ መኪኖች እንጂ ለልጆቹ መኪኖች አልተደነገገም። ክፈፍ ያገኘው ጉልበት ያለው አዋቂ ነው።

ስለ ትራክተር ካነሣሁ አይቀር ሌላም ልጨምር። በአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ቅጥር ልጅ፣ የተወሰነ ሥልጠና ካልወሰደ በቀር፣ ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆነ ትራክተር መንዳት አይችልም። ልጁ የገበሬው የራሱ ልጅ ከሆነ ግን በአባቱ እርሻ ላይ ሕጉ አይመለከተውም። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ2011 የእርሻ ሥራን ደንብ ለማጥበቅ ሐሳብ አቅርቦ ከገበሬዎች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው በሚያዝያ 2012 ሐሳቡን አንሥቷል። የባዕድ ልጅ የሚጠበቅበት ሕግ የገዛ ልጅን የማይጠብቅ መሆኑ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ በጣም ገርሞኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አልገረምም። ያንን ቤተሰብ አውቀዋለሁ፤ ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ልጅ ሥራን በሥራ ላይ ካልተማረ ገበሬ አይሆንም ብለው ያምናሉ፤ እኛም የገጠር ልጆች የሆንነው ብንሆን ኖሮ የምንለው ይህንኑ ነው።

አንድ ባልደረባዬ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ «በእኛስ አገር የስምንት ዓመት እረኛ ፈረስ ይጋልብ የለምን?» ብሎ ጠየቀኝ። ይጋልባል። እኔም አያቴ ቤት በክረምት ዕረፍት ስሄድ ጋልቤያለሁ፤ ወድቄማለሁ። ነገር ግን ፈረስ ገደል ሲያይ ይቆማል፤ ለራሱ ሕይወት ይሳሳል፣ በእርሱ መሳሳት ውስጥ ልጁም ይድናል። ልጅ ሲወድቅበት ሊረግጠው አይፈልግም፣ እግሩን ያነሣል። ሞተሩ ግን አፋፉን አያይም። ልጁ የሰጠውን ነዳጅ ልጁ ከወደቀ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይሄዳል። ፈረስና ልጅ ሁለት አእምሮ ናቸው፤ ሞተርና ልጅ አንድ አእምሮ ናቸው፣ ያውም የአሥር ዓመት አእምሮ። ይህን ስል ፈረስ አይገድልም ማለቴ እንዳልሆነ ትረዱልኛላችሁ።

ስለ ሥልጠናና ስለ ራስ ቁር ብዙ አልናገርም፤ ሁለቱም ግዴታ መሆን እንዳለባቸው የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። የራስ ቁር ራስን ያድናል፤ ደረትን አያድንም። ሥልጠናም አውራ ጣትን ያስተምራል፤ 38 ኪሎውን 80 አያደርገውም።

በሦስተኛው ቀን ለአክስቴ ልጅ ደወልሁለት። በአዋቂ ሞተር ላይ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለአንዲት ደቂቃም፣ በአባቱ ጭን ላይም ቢሆን፣ እንዳይወጣ ነገርሁት። ስለ ትንሹም አለመግዛቱን እንደምመርጥ፣ ምክንያቱንም ከነቁጥሮቹ አስረዳሁት። ሐኪሞቹ ትክክል ናቸው አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አንተ በዚያኛው ጊዜ ደግሞ ሠላሳ ዲግሪ ብለህ ነበር» አለኝ፤ የአዮዋውን ታሪክ ነግሬው ነበርና። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ የተናገርሁት የመኪናውን ማእዘን፣ አሁን የምናገረው የልጁን ክብደት እንደሆነ ገለጽሁለት። «የልጁ ልቅሶስ?» አለኝ። ለዚህ ቀመር እንደሌለኝ ነገርሁት።

ባለፈው ሰኞ መልሶ ደውሎልኝ ነበር። ሞተሩን አልገዛም፤ ብስክሌት ገዝቶለታል፤ ልጁም ለሁለት ሳምንት ያህል አባቱን አኩርፎ ነበር። የጎረቤቶቹ ልጆች ግን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ታዲያ ከመካከላቸው አንዱ ልጁን ከኋላው በረጅሙ ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ይጠይቀዋል። የአክስቴ ልጅ አሁን የሚጠይቀኝ ከጎረቤቱ ጋር ሳይጣላ ይህን ነገር እንዴት እንደሚናገረው ነው፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ከእናንተ መካከል በውጭ አገር ኖሮ እንዲህ ያለውን ነገር ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ የሚያውቅ ካለ ከስብሰባው በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል።